አሜሪካኖቹ አሁንም አሉ ወይ?

(በጢቾ ከተማ በተደረገው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአሰላ፣ ከአዳማና ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታችሁ የጢቾን ብርድ ስለቀመሳችሁ አመሰግናለሁ። ጋቢ ይዛችሁ ኑ ብዬ ነበር፤ ያልሰማኝ አሁን ገብቶታል። የጢቾ ልጅ በመሆኔ የመናገሩ ተራ ለእኔ ደረሰኝ። አስተባባሪዎቹ «የፈለግከውን ርዕስ ምረጥ፣ ብቻ እንዳታስረዝም» ብለውኛል። በመጀመሪያው ፈቃድ ተጠቅሜአለሁ፤ ለሁለተኛው ዋስ አልጠራም።

ርዕሴ ከዚህ አዳራሽ የራቀ ሊመስል ይችላል። አንድ አገር ሀብታም የሆነ ወዳጁን ለመጠበቅ ወጪ ማውጣቱን መቀጠል አለበት ወይ? የሚል ነው። ጥያቄው ዋሽንግተንና ብራስልስ ላይ በየምርጫው ይነሣል። እኔ ግን መጀመሪያ የሰማሁት እዚሁ ጢቾ፣ ከአያቴ አፍ ነው።

አያቴ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። በ2008 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ለዘማቾች የልጅ ልጆች በሚሰጥ የትምህርት ዕድል ወደዚያው ሄደች። አንድ ቀን ከቹንቾን ከተማ ደወለች። እዚያ የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ቤት አለ፤ ጣሪያው እንደኛ ጎጆ ቤት ሾጣጣ ነው። ስለ ፎቁ፣ ስለ ባቡሩ፣ ስለ መንገዱ ንጽሕና አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ስልኩ በላውድ ስለነበረ ሁላችንም እንሰማለን። አባባ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «አሜሪካኖቹ አሁንም አሉ ወይ?» አሉ።

«አሉ፣ አባባ።»

«ስንት ናቸው?»

«ሃያ ስምንት ሺህ አካባቢ ይላሉ።»

«እንደነገርሽኝ ሀብታም ከሆኑ እዚያ ምን ይሠራሉ ታዲያ? ማን ነው የሚከፍላቸው?»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄአለሁ። መምህር ነኝ፣ ዲግሪ አለኝ፣ ታሪክ አነባለሁ፤ ግን የሰማንያ አምስት ዓመት ሽማግሌ ለጠየቁት መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የማቀርበው ከዚያ ወዲህ የቃረምኩትን ነው። አባባ ካረፉ ዓመታት ስለተቆጠሩ መልሱን ለእናንተ እነግራለሁ።

መጀመሪያ እኛ ለምን ሄድን? ከሚለው እንነሣ። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወረን የመንግሥታት ማኅበር አባል ነበርን። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ እንዲደርሱለት ይደነግግ ነበር። አልደረሱም። እንዲያውም ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም የሚለው ውሳኔ የጎዳው ፋብሪካ የሌለንን እኛን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው አቤት አሉ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ በ1942 ዓ.ም. ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ስትወጋና የተባበሩት መንግሥታት ለአባል አገሮቹ ጥሪ ሲያቀርብ፣ ለኢትዮጵያ ነገሩ የኮሪያ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ለእኛ ያልተፈጸመው ቃል ለሌላ ከተፈጸመ ነገ ለእኛም ይፈጸማል የሚል ስሌት ነበረበት። በዘመኑ አነጋገር «የጋራ ደኅንነት» ይባል ነበር።

የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሣ። ስሙ የተወሰደው ከራስ መኰንን የፈረስ ስም ነው። ቡሳን ሲደርሱ የአሜሪካ መሣሪያ ታድሏቸው፣ በዚያው ሠልጥነው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰለፉ። እስከ ተኩስ ማቆሙ ድረስ ከ3,500 በላይ ኢትዮጵያውያን ተዋግተዋል፤ ከ120 የሚበልጡ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ አንድም አልተማረከም። አባባ የሚደጋግሙት ይህን የመጨረሻውን ነበር። ስለ ውጊያው ግን ብዙ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ብርዱ ነው። «የጢቾ ብርድ እዚያ ሲደርስ ያፍራል» ይሉ ነበር። ደግሞ ስለ ልጆቹ፤ ወታደሮቹ ከደመወዛቸው አዋጥተው ዶንግዱቾን በሚባል ቦታ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር።

በዚያ ዓመት ደቡብ ኮሪያ ድሃ አገር ነበረች። በ1953 እ.ኤ.አ. የነፍስ ወከፍ ገቢዋ 67 ዶላር ገደማ ነበር። ድሃ ለድሃ ደም ሰጠ ማለት ነው። ዛሬ የነፍስ ወከፍ ገቢዋ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ነው። አሰላ ያለው ግቢያችን ገና የአዳማ ክፍል በነበረበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ኮሪያዊ እንደነበሩ የዚያ ዘመን ተመራቂዎች ታስታውሳላችሁ። ስብሰባ በሰዓቱ ሲጀመር የደነገጠው ሰው ብዛት! የእኛ ወታደሮች ሊጠብቋት የሄዱባት አገር በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ሰው ላከችልን።

ወደ አባባ ጥያቄ ልመለስ፤ ማን ይከፍላል?

አሜሪካና ደቡብ ኮሪያ የመከላከያ ስምምነታቸውን የፈረሙት ተኩስ ከቆመ ከሁለት ወር በኋላ፣ መስከረም 21 ቀን 1946 ዓ.ም. ነው። ለረጅም ጊዜ ወጪውን በአብዛኛው አሜሪካ ቻለችው። ኮሪያ በፋብሪካ ስትበለጽግ ግን «እናንተም አዋጡ» የሚል ነገር መጣ፤ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮሪያ በየጊዜው በሚታደስ ስምምነት ታዋጣለች። በ2019 እ.ኤ.አ. የትራምፕ መንግሥት መዋጮው በዓመት ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ይደግ ብሎ ጠየቀ፤ ከነበረው አምስት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ኮሪያ እምቢ አለች። በ2021 በ13.9 በመቶ ጭማሪ፣ በ1.18 ትሪሊዮን ዎን ተስማሙ፤ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል ነው። ለ2026 ደግሞ 1.52 ትሪሊዮን ዎን ተብሏል። ከዚህ ሌላ ፒዮንግቴክ ላይ ያለው ካምፕ ሃምፍሪስ የሚባለው ሰፊ የጦር ሠፈር ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲፈጅ አብዛኛውን የከፈለችው ኮሪያ ናት። ወንድ ልጆቿም በግዴታ ይዘምታሉ። ስለዚህ «ሀብታሞቹ በነፃ ይጠበቃሉ» የሚለው አባባል ለኮሪያ ሲነገር ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹ የምርጫ ቅስቀሳ። በአውሮፓ ይበልጥ እውነት ነበር። የኔቶ አባላት በ2014 እ.ኤ.አ. ከጠቅላላ ምርታቸው 2 በመቶ ለመከላከያ እናውላለን ብለው ብዙዎቹ ለዓመታት አላደረሱትም። ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ነው የነቁት፤ በ2025 ሄግ ላይ በ2035 ወደ 5 በመቶ ለማድረስ ቃል ገብተዋል። ሲፈጸም እናያለን።

እዚህ ላይ ስለ እድር ላውራ። መምህራኖቼ «እድርና ኔቶ ምን አገናኛቸው» እንዳትሉኝ፤ አባባ ለብዙ ዓመት የሰፈራችን እድር ዳኛ ስለነበሩ የዚህ ጉዳይ ዋና ትምህርቴን ያገኘሁት ከእሳቸው ስብሰባ ነው።

ልጅ ሆኜ በእድሩ አንድ ነጋዴ ነበር። ሲገባ ምንም አልነበረውም፤ በኋላ ወፍጮ ቤት ከፈተ፣ አይሱዙ ገዛ። ወርኃዊ መዋጮውን እንደማንም ይከፍላል። ግን ጉድጓድ ሲቆፈር የለም፤ ድንኳን ሲተከል የለም፤ ለቅሶ ቤት ማደር የሚባል ነገር ረስቷል። ቅጣቱን ይልካል፣ አለቀ። በመጨረሻ አባላቱ ተቆጡ። አንዱ ተነሥቶ «ሀብታም ነው፤ ራሱን ይቅበር! ከእድሩ ይሰረዝ» አለ። ብዙ ሰው አጨበጨበ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በልጅነት ልቤ አጨብጭቤአለሁ።

አባባ አንድ ነገር ጠየቁ። «እናቱ ታማ መተኛቷን ታውቃላችሁ?» አሉ። ሁሉም ያውቃል። «ዛሬ ብንሰርዘው፣ ነገ ብትሞት ማን ይቀብራታል?» ዝም ተባለ። ከዚያ ውሳኔ ሰጡ። መዋጮው ያው ይሁን፤ ግን ከመጪው መስከረም ጀምሮ ከአሰላ አስከሬን ማምጣት ሲያስፈልግ አይሱዙው በእሱ ነዳጅ ይሂድ፣ ለቁፋሮውም ቅጣት መላክ ቀርቶ ጎልማሳ ልጁ ዶማ ይዞ ይምጣ። የክረምቱን ሦስት ወር ለመዘጋጃ ሰጡት። ሰውየው አጉረመረመ፤ ግን አደረገው።

እስካሁን ሳስበው፣ በዚያ ውሳኔ ውስጥ የሚገርመኝ የክረምቱ ሦስት ወር ነው። ሸክሙ እንደ አቅም ይከፈል ማለቱን ሁላችንም እናገኘው ነበር። ጊዜ መስጠቱን ግን ከእሳቸው በቀር ያሰበ አልነበረም። ለምን ይህን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚገባን የራሳችንን ታሪክ ስናይ ነው።

እኛም የአሜሪካ ተጠባቂ ነበርን እኮ። ግንቦት 14 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ ልጆቻችን ገና ኮሪያ ምሽግ ውስጥ እያሉ፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ ሁለት ስምምነት ተፈራረሙ። በአንደኛው አሜሪካ አስመራ ላይ ያለውን የሬዲዮ መገናኛ ጣቢያ ለ25 ዓመት እንድትጠቀም ተፈቀደላት፤ ጣቢያው ቃኘው ተባለ። በሁለተኛው እኛ የጦር መሣሪያና ሥልጠና ማግኘት ጀመርን። በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወታደራዊ ርዳታ መጣ፤ በዚያ ዘመን ከአፍሪካ ከፍተኛውን የምንቀበል እኛ ነበርን። ጦራችን ከጥይቱ እስከ መለዋወጫው የአሜሪካ ሆነ። አመቺ ነበር። ችግሩም እዚያው ላይ ነው።

በ1969 ዓ.ም. ካርተር ሥልጣን ያዙ። በየካቲት ወር ደርግ በሚፈጽመው የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ወታደራዊ ርዳታው እንዲቆረጥ ወሰኑ። ምክንያቱ ሐሰት አልነበረም፤ ያን ዘመን ያየ ቤተሰብ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ሌላም ነገር ነበረ። ሳተላይት ስለመጣ የቃኘው ጣቢያ ዋጋ ወርዶ ነበር፤ አሜሪካኖቹም ሊዘጉት አስበው ነበር። ደርግ በሚያዝያ ወር ጣቢያውን ዘጋ፣ ስምምነቱ ፈረሰ። ገንዘብ የተከፈለበት መሣሪያ ሳይቀር አልመጣም። በሐምሌ የዚያድ ባሬ ጦር በሙሉ ኃይሉ ገባ። መስከረም ሳይወጣ ጅጅጋ ተያዘ።

ጥይትና መለዋወጫ የሚላከው ከአንድ ቤት ብቻ ሲሆን፣ ያ ቤት በሩን ሲዘጋ የሚሆነው ይህ ነው። ከዚያ ሶቪየት ኅብረት አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚገመት መሣሪያ አመጣች፣ ከ15 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች መጡ፣ ከየአውራጃው የተሰባሰበው ሚሊሺያ ታጠቅ ሠልጥኖ ዘመተ፤ በየካቲት 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። ተርፈናል። ግን ከአንድ ጠባቂ ወደ ሌላ ጠባቂ ተሸጋገርን እንጂ በራሳችን አልቆምንም። ለሶቪየት መሣሪያ የተመዘገበው ዕዳም ደርግ ከወደቀ በኋላ ለዓመታት በመዝገብ ላይ ቆይቷል።

አሁን ልብ በሉልኝ። እኚሁ ፕሬዚዳንት፣ በዚያው ዓመት፣ አሜሪካ እግረኛ ጦሯን ከደቡብ ኮሪያ እንድታስወጣም ፈልገው ነበር። የምርጫ ቃላቸው ነበር። ታዲያ ምን ሆነ? ኮንግረስ ተቃወመ፣ ጄኔራሎች ተቃወሙ፤ እዚያው ኮሪያ የነበሩ አንድ ጄኔራል ሐሳቡን ለጋዜጠኛ በመንቀፋቸው ከቦታቸው ተነሡ። የሰሜን ኮሪያ ጦር ከተገመተው ይበልጣል የሚል አዲስ ግምገማ መጣ። በ1979 እ.ኤ.አ. ዕቅዱ እንዲቆም ተደረገ፤ የወጡት ወታደሮች ጥቂት ነበሩ። ኮሪያ በዚያን ጊዜ ፋብሪካ ነበራት፣ ጦር ነበራት፣ ዋሽንግተን ላይ የሚናገርላት ነበራት። መሪዋ ፓርክ ቹንግ ሂም በሰብዓዊ መብት የሚመሰገኑ ሰው አልነበሩም።

አንድ ፕሬዚዳንት፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ወዳጆች። አቅም ያላት ክርክር ተደርጎላት ጊዜ አገኘች። አቅም የሌላት በወራት ውስጥ ባዶ እጇን ቀረች።

እዚህ ላይ ነው አቋሜ። አንድ አገር ሀብታም ወዳጁን ለመጠበቅ ዝም ብሎ ለዘላለም መክፈል የለበትም። የአይሱዙው ባለቤት ነዳጁን ይሙላ፣ ልጁም ዶማ ይያዝ። ኮሪያ ድርሻዋ ማደጉ ተገቢ ነው፤ ጀርመንም እንዲሁ። ግን ከፋዩ በአንድ ጠዋት ተነሥቶ «በቃኝ» እንዳይል እፈልጋለሁ። ምክንያቴ ለሀብታሞቹ ማዘን አይደለም፤ እነሱ አያንሳቸውም። በጠባቂነት ላይ የሚፈጠር ልማድ ከሀብታሙ ጀምሮ ወደ ድሃው ይወርዳል። ለኮሪያ የተገባ ቃል በዋጋ ድርድር የሚፈርስ ከሆነ፣ ከሷ ያነሰ አቅም ላለው የተገባው ቃል ምን ያህል ያወጣል? የ1928ቱን ጄኔቫ የቀመሰ ሕዝብ ይህን ጥያቄ ማንም ሊያስተምረው አይገባም።

ለተጠባቂው ደግሞ ሌላ የምለው አለኝ። ኮሪያ በጥላ ሥር በነበረችበት ጊዜ ፋብሪካ ሠራች፣ ጦሯን ገነባች። እኛ በጥላ ሥር በነበርንበት ጊዜ መለዋወጫ መጠየቂያ ቅጽ ሞላን። ይህ ቃል ከባድ ከሆነባችሁ ይቅርታ፤ ለማለዘብ ሞክሬ አልሆነልኝም።

አንድ ወዳጄ፣ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር፣ ይህን ጽሑፍ አንብቦ ተቃውሞኛል። «የአሜሪካ ግብር ከፋይ ሁሉ ሀብታም መሰለህ? ሐኪም ቤት መክፈል ያቃተው ሰው ለሳምሰንግ አገር ለምን ይክፈል?» አለኝ። ልክ ነው። የአርሲን ገበሬ «ግብርህ ከአንተ አምሳ እጥፍ ለሚኖር ሕዝብ ጥበቃ ይውላል» ብትሉት ምን እንደሚላችሁ እኔ አውቃለሁ፣ እዚህም አልደግመውም። መልሴ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ጦር ኮሪያ የተቀመጠው ለኮሪያ ብቻ ብሎ አይደለም፤ ቻይናን፣ ጃፓንን፣ የራሱን የባሕር መንገድ አስቦ ነው። ቃኘው ጣቢያም ለእኛ ተብሎ አልተሠራም። ስለዚህ ሂሳቡ ሲሠራ የከፋዩም ጥቅም ይጻፍ። ወዳጄ አልተስማማም። ከሻይ በኋላ እዚሁ አለ፤ ያዙት።

አባባ ከኮሪያ ሲመለሱ ያመጡት ሜዳልያ ነበራቸው። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ በደቡብ መዝመት የሚያኮራ መሆኑ ቀረ፤ እናም ሜዳልያውን በጨርቅ ጠቅልለው ገብስ ጎተራ ውስጥ ቀበሩት። እኔ ያየሁት ዐሥር ዓመት ሲሆነኝ ነው። ገብስ ገብስ ይሸት ነበር። ኮሪያውያኑ ኋላ ላይ ዘማቾችን ፈልገው አስታውሰዋል፤ ይህንን መካድ ነውር ነው። ግን ውለታው የተመለሰው በሕይወት ለቆዩት ነው፤ ብዙዎቹ ሳያዩት አልፈዋል።

በመጨረሻ፣ በ2012 ዓ.ም. የአሜሪካና የኮሪያ ድርድር ሲፋረስ የተፈጠረውን ልንገራችሁ። በመጋቢት ወር መጨረሻ፣ በጦር ሠፈሮቹ የሚሠሩ 4,000 ያህል ኮሪያውያን ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ከሥራ እንዲቆዩ ተደረገ። የቢሮ ሠራተኞች፣ ጥገናዎች፣ የጓዳ ሰዎች። ኮሮና የገባበት ሰሞን ነበር። ዜናውን ለአባባ አነበብኩላቸው። እሳቸው ያኔ ዐይናቸው ደክሟል፣ ከምድጃው አጠገብ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ጄኔራሎቹስ ደመወዝ ቀረባቸው?» አሉኝ።

«አይ አባባ፣ አልቀረባቸውም።»

«ሠራተኞቹ ስንት ጊዜ ቆዩ?»

ሁለት ወር ተኩል ያህል ቆይተው እንደተመለሱ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ዕለት ግን አላውቅም ነበር። «ገና ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ጭኮው እንዲቀርብ አዘዙ።

ጥያቄ ያለው ካለ፣ አምስት ደቂቃ አለን ይላሉ።